ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነፍ ይኖራል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው እትማችሁ «ዕድል የሰነፍ ሰበብ ነው» የሚለውን ጽሑፍ ያወጣችሁት ማንን ልትመክሩበት እንደሆነ አልገባኝም። ጸሐፊው «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» የሚለውን የአባቶች ተረት ሳይቀር የስንፍና ማስረጃ አድርገውታል። እንግዲያው ስለ ሯጮች እናውራ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁት ሁሉም ከአርሲዋ በቆጂና ከዙሪያዋ ተነሥተው ነው። ምሥጢሩ ደጋነቱ ነው ካላችሁን የእኛው የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ልፋቱ ነው ካላችሁን የእስቴና የፋርጣ እረኛም ሲነጋ ዳገት፣ ሲመሽ ቁልቁለት ነው። በቆጂ ከዚህ ሌላ ያገኘችው ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነው፤ ልጆቹን አይቶ ለየ፣ አሠለጠነ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ያሸነፈችው በገዛ እግሯ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። መምህሩ ሌላ ወረዳ ቢያስተምር ኖሮ ግን ያ እግር ከብት ሲከተል አይቀርም ነበር?

ሩጫ አይመለከተንም የምትሉ ከሆነ ፈተናውን እንይ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ከ845,000 በላይ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ልጅ ሰነፈ እንበል፤ አንድ ክፍልም ሰነፈ ይባል። ከ1,300 በሚበልጥ ትምህርት ቤት ውስጥ ግን አንድ እንኳ የሚያነብ ልጅ ጠፋ? መጽሐፍ ለስንት ተማሪ አንድ እንደሚደርስ፣ የፊዚክስ መምህር የሌለበት ስንት እንደሆነ ጸሐፊው አልጠየቁም። የትኛው ትምህርት ቤት አጠገብ እንደሚወለድ የመረጠ ልጅ የለም። እኛ ዕድል የምንለው ይህንኑ ነው፤ ሎተሪ አላልንም።

ኃይሌ ገብረ ሥላሴ አሥር ኪሎ ሜትር እየሮጠ ተምሯል ይሉናል። እውነት ነው፤ የሚሮጥበት ትምህርት ቤት ነበረዋ! በእኛ በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በጦርነቱ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች በሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። ልጆቹ ቢሮጡስ ከተቆለፈ በር ምን ይማራሉ? በአዲስ አበባ አዳራሽ ቲኬት እየሸጡ «ትችላላችሁ!» የሚሉት አነቃቂዎች ይህን ጥያቄ ሲመልሱ አልተሰማም፤ ቲኬቱ ግን ይሸጣል።

«ስለ ዕድል ካወራን ወጣቱ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል» የሚለው ስጋትም ከንቱ ነው። የስማዳና የጋይንት ገበሬ ዝናብ በእጁ እንዳልሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ አውቆም በየዓመቱ ያርሳል። ዝናብ ቀርቶበት ሴፍቲኔት ሲገባ ሰነፍ ብሎ የሚሰድበው የለም። መምህር ለቀረበት ልጅ ይህች ፍርድ ለምን ትነፈገዋለች? እሱም ያንጋጥጣል፣ እሱም ይሮጣል።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ለሚቀጥለው እትም ከእነዚያ 1,328 ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ዘጋቢ ላኩ። ጥፋቱ የስንፍና ከሆነ ሰነፎቹን ቆጥሮ ይምጣ።

አንባቢያችሁ፣ ከመካነ ኢየሱስ