ክትባቱ ሳጥን አለው፣ ጣቱስ?

ዛሬ ስለ ብርድ ላውራችሁ። «ብርድ ደግሞ ምን ይወራለታል?» የምትሉ የአዲስ አበባ ልጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ። እስቲ ታኅሣሥ ውስጥ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እንጦጦ ጫፍ ውጡና ያለ ጓንት በሞተር ሳይክል ቁልቁል ውረዱ። ከዚያ እንነጋገራለን።

እኔ የቀመስኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። ለገና ላሊበላ ልሳለም ስሄድ፣ በጤና ሙያ የሚሠራው የአክስቴ ልጅ ከጋሸና በሞተር ሊወስደኝ ተስማማን። (ላሊበላ ላይ ታኅሣሥ 29 የጌታ ብቻ ሳይሆን የንጉሥ ላሊበላም ልደት ነው። ሁለቱም በውርጭ ወቅት መዋላቸው የተሳላሚውን ጋቢ ብዛት ያስረዳል።) ጋሸና 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች መገንጠያ ናት፤ ከወልዲያ ወደ ወረታ የሚያልፈውን መንገድ ትታችሁ ወደ ላሊበላ የምትታጠፉት እዚያ ነው። ሜዳው ጨው የተበተነበት መስሎ ነጥቷል። ጋሼ (በዕድሜ ስለሚበልጠኝ እንዲህ ነው የምጠራው) ያማሃውን ደጋግሞ ረግጦ አስነሳና መንገድ ላይ ለአንድ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰውን የክትባት ሳጥን ትከሻዬ ላይ አነገተኝ።

«ደህና አድርገህ ያዘው፣ እንዳይበርደው» አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅሁ። ለካ ቀልድ አይደለም! ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ሙቀት እንደሚያበላሸው ብዙዎቻችን እናውቃለን፤ አንዳንዱን ግን በረዶም ያበላሸዋል፤ ሕፃናትን ከአምስት በሽታ የሚጠብቀውም ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ ወፍራም ግድግዳና ጥብቅ ክዳን አለው። ማቀዝቀዣው ቴርሞሜትር አለው፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚሞላ ቅጽ አለው። ጋሼስ? መሪውን የጨበጠው በባዶ እጁ ነበር። ጃኬቱ ሥር ጋዜጣ አጣጥፎ ደረቱ ላይ ለጥፏል። በቃ።

ሞተር ላይ ነፋሱን የሚፈጥረው ነጂው ራሱ ነው። አየሩ 2 ዲግሪ ሆኖ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ብትነዱ፣ የተራቆተ ቆዳችሁ የሚሰማው ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ያህል ነው። መጀመሪያ ጣት ያማል። ቀጥሎ ሕመሙ ይጠፋል፤ ክፉው እሱ ነው፤ ምክንያቱም የፊት ፍሬኑም የነዳጅ መስጫውም በቀኝ እጅ፣ ፍሪሲዮኑ በግራ ነው። በዚያ ፍጥነት በየሴኮንዱ 11 ሜትር ትሄዳላችሁ። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ፈልጎ እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ ከፊት ያለችው አህያ 11 ሜትር ቀርባለች ማለት ነው። እኛም አንዷን ለጥቂት ሳትናት። ጋሼ ወርዶ እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ ቆመ። ዓይኑ አልቅሷል፤ «ነፋሱ ነው» አለኝ።

የሚያናድደኝ ታዲያ ይኼ «ወንድ ልጅ ብርድ አይፈራም» የምንለው ነገር ነው። ጓንት የጠየቀ ሠራተኛ ቅብጥ ይባላል። «አንድ መለኪያ አረቄ ቅመስ፣ ትሞቃለህ» የሚል መካሪ ግን አይጠፋም። አረቄ ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት ይሰማችኋል እንጂ የውስጥ ሙቀታችሁን አውጥቶ ለነፋስ ይሰጠዋል። በዚያ ላይ ሰክሮ መንዳት አለ!

ደግሞ መፍትሔው ከሩቅ የሚመጣ አይደለም። የላስታ እረኛ ደበሎ የሚለብሰው ቆዳው ነፋስ ስለማያሳልፍ፣ ጸጉሩ ሙቀት ስለሚይዝ ነው። ጋቢ ተቀምጦ ለሚያወራ ሰው ግሩም ነው፤ ሞተር ላይ ግን ነፋስ ወንፊት ያደርገዋል። ቻይና ውስጥ በክረምት የኤሌክትሪክ ሞተር የሚነዱ ሰዎች መሪው ላይ ብርድ ልብስ የመሰለ መከለያ ያስራሉ፤ እጃቸውን እዚያ ውስጥ ከትተው ይነዳሉ። ጋሼም ከዚያ ጉዞ በኋላ ሁለት የበግ ቆዳ አሰፍቶ መሪው ላይ አሰረ። አለቃው ምን አለው? «የመንግሥት ንብረት ቅርጹ አይቀየርም።» ፈታ። ሲመሽ መልሶ አሰረ።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ላስታ ላይ ጦርነት ተፈራርቋል። በዚህ መሀል ስለ ጓንት ማውራት ቅንጦት ይመስል ይሆናል። እኔ ግን ለደጋ ወረዳ ሞተር የሚገዛ ማንም ይሁን፣ መንግሥትም ሆነ ረጂ ድርጅት፣ በዚያው ጨረታ ውስጥ ጓንት፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና የራስ ቁር ካላስገባ ግዢውን አልጨረሰም ባይ ነኝ። (ቋንቋችንም እኮ ብርዱንም የራስ መከላከያውንም «ቁር» ነው የሚላቸው።)

በዚያ ጠዋት ወደ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ስንቃረብ፣ ወደ 2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ወርደን፣ ጃኬቴን ከፈትኩ። የጋሼ ጣቶች ግን የሻይ ብርጭቆ ለመያዝ ገና አልታዘዙትም ነበር።

በኋላ ሥራ ሲቀይር ሞተሩን ለአንድ ወጣት አስረከበ። ቅጹ ላይ መስታወት፣ ፍሬቻ፣ መፍቻ እያለ ይወርዳል። ጋሼ ሁሉንም አስፈርሞ ሲያበቃ የበግ ቆዳዎቹን መፍታት ጀመረ። ልጁ እጁን ያዘው።

«ጋሼ፣ እነሱን እንኳ ተውልኝ።»