ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሚፈረም ወረቀት

ደቡብ አፍሪካ፣ ጀርሚስተን ሱቅ ያለን ወላጆች የዘይቱንም የስኳሩንም ዋጋ በቃላችን እናውቃለን። ልጃችን ዘጠነኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ይዞ የሚመጣውን የትምህርት ምርጫ ወረቀት ግን ሳናነብ እንፈርማለን። አገር ቤት የተፈጥሮና የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ የሚለየው 11ኛ ክፍል ላይ ነው። እዚህ ልጁ 10ኛ ክፍል የሚገባው ሰባት ትምህርቶቹን ለይቶ ነው፤ ማትሪክ የሚፈተነውም በእነሱ ነው። ከሰባቱ አንዱ ወይ ሒሳብ ነው፣ ወይ «ማቲማቲካል ሊተረሲ» የሚሉት፣ የብድር ወለድና የመብራት ሒሳብ የሚያስተምረው። ሁለተኛው ይቀላል፤ ወላጅም «ሰማንያ አመጣ» ብሎ ጮቤ ይረግጣል። ምህንድስናና ሕክምና ግን በእሱ አይገባም። ከሒሳብ ወደ እሱ መውረድ ቀላል ነው፤ መመለሱ ዳገት ነው።

የትምህርት ቤት ክፍያ ከብዶት ወደ ትምህርት ቤቱ መሄድ የሚፈራም አይሸማቀቅ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የትምህርት ቤቶች ሕግ አቅም የሌለው ወላጅ ከክፍያ ነፃ እንዲሆን እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ሰነድ የለውም ተብሎ ልጅ ከትምህርት እንዳይከለከልም የማካንዳ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ወስኗል።

ከእቁብ የማትቀሩ አባቶች፣ ከወላጆች ስብሰባም አትቅሩ። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ልጅ ያላችሁ ደግሞ ከመፈረማችሁ በፊት የሒሳብ መምህሩን አነጋግሩ።