ሳይጠይቅ የሚከፈት ኮምፒዩተር

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቋረጡ ይታወሳል። አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው እንግዲህ ወይ ወደ ጥገና ቤት ይወስደዋል፣ ወይ ሸጦ ሌላ ይገዛል። መሣሪያው ከባለቤቱ እጅ በሚወጣበት በዚህ ጊዜ አንድ ልማድ ልናነሣ ወደድን፤ ይኸውም ኮምፒዩተር የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ በራሱ እንዲከፈት ማዘዝ ነው።

የልማዱ ምንጭ አይሰወረንም። በባሕር ዳር በአንድ ቤት ተማሪው፣ ነጋዴውና የመንግሥት ሠራተኛው አንዱን ኮምፒዩተር ለሦስት ይሠሩበታል። መብራት በሄደ በመጣ ቁጥር ቃል መጻፍ ደግሞ ያሰለቻል።

ነገር ግን ዊንዶውስ በራሱ የሚከፈተው የይለፍ ቃሉ ስለ ቀረለት ሳይሆን ቃሉን ከውስጡ ስላስቀመጠ ነው። አንዱ አሠራር ‹ሬጂስትሪ› በሚባለው መዝገብ ውስጥ ፊደሉን እንዳለ ይጽፈዋል። ሌላው በምስጢር ጽሕፈት ይሸፍነዋል፤ ሆኖም በመሣሪያው ላይ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ሰው ሊገልጠው ይችላል። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ከመዝጊያው ላይ እንደ መተው ነው።

የኮምፒዩተር ሌባ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ከባሕር ማዶ ያለውን ነው። እኛ ግን የበለጠ የምንሠጋው ባጃጅ ላይ ስለ ተረሳው ላፕቶፕና እንግዳ ሆኖ መጥቶ ስለሚነካካው ዘመድ ነው። ብራውዘሩ የያዛቸው የይለፍ ቃሎች፣ የተከፈተው ኢሜይልና ቴሌግራም ሁሉ አብረው ይገኛሉ። ኢሜይሉን ያገኘ ሰው ደግሞ የሌላውን አካውንት ቃል በዚያው ያስለውጣል። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ፣ አለን ሼር የተባለ ተመራማሪ በኮምፒዩተሩ የሚሠራበት ሰዓት ስላነሰው የባልደረቦቹን የይለፍ ቃል ዝርዝር አሳትሞ ወስዷል። የውጭ ሰው አልነበረም።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን ይከለክላል። ይሁንና ሁሉም በአንድ ስም በሚገባበት ቤት ማን እንደ ገባ በምን ይለያል?

ነገሩ ከነገሩ ባይመጣጠንም፣ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻግሮ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው መፍትሔው አይጠፋውም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ተከፍሏል፤ የመጣው ሁሉ መቅደስ አይገባም። በኮምፒዩተርም እንዲሁ ለየቤተሰቡ አባል የየራሱን መደበኛ አካውንት መክፈት፣ የአስተዳዳሪውን አካውንት ግን ለብቻው አድርጎ ለዕለት ሥራ አለመጠቀም ነው። ያን ጊዜ ልጁ ከኢንተርኔት ያወረደው ጨዋታ ሥርዐቱን ልለውጥ ቢል የአባትን ወይም የእናትን ቃል ይጠየቃል። ለመሰልቸቱም ቢሆን በዚያው መሣሪያ ላይ ብቻ የሚሠራ አጭር ፒን አለ፤ ለመጻፍ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

የይለፍ ቃል ብቻውን እንደማይበቃም አንሸሽግም። ዲስኩን ነቅሎ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ያገናኘ ሰው፣ ዲስኩ በምስጢር ጽሕፈት ካልተዘጋ፣ ማንም ሳይጠይቀው ያነበዋል። ዲስኩን የሚዘጋ ሰው የመመለሻ ቁልፉን በወረቀት ጽፎ ከኮምፒዩተሩ ርቆ ያስቀምጥ፤ አለዚያ ራሱም ውጭ ይቀራል።

በሆቴል አዳራሽ ተቀምጦ ለጎብኚ የጣናን ካርታ ብቻ የሚያሳይ ኮምፒዩተር በራሱ ቢከፈት ግን አንቃወምም፤ የሰው ደብዳቤም ገንዘብም የለበትምና።