«ስፓም ውስጥ ፈልጉ» ማለት ይብቃ

ይድረስ በዊንጌትና በአካባቢው ላላችሁ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎችና የአይሲቲ ባለሙያዎች፤

ባለጉዳይ «ኢሜይላችሁ አልደረሰኝም» ሲል «ስፓም ውስጥ ፈልግ» ብሎ መሸኘት የተለመደ አሠራር ሆኗል። የምቃወመው ይህን ነው። ከጄኔራል ዊንጌት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ተመርቆ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት የፈተና ጥሪው ቢያልፈው፣ የላኪውን ጉድለት የሚከፍለው እሱ ነው። ደግሞም የተቀባዩ ሰርቨር መልእክቱን ከበር ከመለሰው ስፓም ውስጥም አይገኝም። ማስረጃው የሚመጣው ለላኪው ነው፦ ለምሳሌ ከጂሜይል 550 5.7.26 የሚል ቁጥር ያለበት፣ የላኪው ማንነት አልተረጋገጠም የሚል አጭር ማስታወቂያ። እሱን የሚያነብ ከሌለ ጉድለቱም የሚያርመው አያገኝም።

መዝገብ ቤታችሁ ማህተምና ቁጥር የሌለውን ደብዳቤ ገቢ አያደርግም፤ ጂሜይልም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ኢሜይል የሚጓጓዝበት ኤስኤምቲፒ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲወጣ የላኪን ማንነት የሚያጣራበት መንገድ አልነበረውም፤ ማንም በማንም ስም መጻፍ ይችል ነበር። ማረጋገጫዎቹ ኋላ የመጡ ናቸው። ኤስፒኤፍ በስማችሁ እንዲልኩ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ይዘረዝራል። ዲኪም ማህተሙ ነው፤ ጽሑፉ መንገድ ላይ ቢነካካ ያጋልጣል። ዲማርክ ደግሞ በአንዳቸውም ሳይረጋገጥ በስማችሁ የመጣውን ተቀባዩ ምን ያድርገው የሚለውን ይወስናል። ጉግል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ከኤስፒኤፍና ከዲኪም ቢያንስ አንዱን፣ ወደ ጂሜይል በቀን 5,000 መልእክትና ከዚያ በላይ ከሚልክ ግን ሦስቱንም ይጠይቃል።

«ከኢትዮጵያ ስለሆነ ነው የሚመልሱብን» የሚል አቤቱታ ይሰማል። ከፊሉ እውነት አለው። ቫይረስ የገባበት አንድ ኮምፒውተር በጋራ አይፒ አድራሻ ስፓም ሲረጭ፣ አድራሻው እንደ ስፓምሃውስ ባሉ ጥቁር መዝገቦች ይሰፍርና ንጹሑም አብሮ ይቀጣል። ተቀባዩ የሚያጣራው፣ አይፒውን ወደ ስም የሚመልሰው መዝገብም ያለው በኢንተርኔት አቅራቢው እጅ ነው። ይህ ግን ለአቅራቢው ማመልከቻ የሚያስጽፍ እንጂ በእጃችሁ ያለውን የሚያስተው አይደለም፤ ሦስቱም ማረጋገጫዎች በዶሜናችሁ መዝገብ ላይ ጥቂት መስመሮች መጻፍን፣ ዲኪም ደግሞ የመላኪያ ሰርቨሩ እንዲፈርም ማስተካከልን ይጠይቃሉ እንጂ የዕቃ ግዢ አይፈልጉም። «በግል ጂሜይል እንልካለን» የምትሉም አላችሁ። እርግጥ ይደርሳል፤ ግን ሠራተኛው ሲለቅ የመሥሪያ ቤቱ ሰነድ አብሮት ይሄዳል፣ አጭበርባሪም ተመሳሳይ ስም ከፍቶ ሥራ ፈላጊውን ገንዘብ ቢጠይቅ መለያ የለም።

ስለዚህ በስማችሁ የሚልከውን ሁሉ፣ የደመወዝ ሲስተሙንም ሳይቀር፣ መዝግቡ። ዲማርክን መጀመሪያ ሪፖርት ብቻ እንዲሰጥ አድርጋችሁ ክፈቱት፤ የራሳችሁ ደብዳቤዎች ማለፋቸውን ካያችሁ በኋላ አጥብቁት። ተመልሰው የሚመጡትን ማስታወቂያዎች በየቀኑ የሚያነብ ሠራተኛም በስም ይመደብ።