የዮኔዳ ለማ ከየት መጣ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል እየሰማን አድገናል። እኔ ዛሬ ይህን ብሂል ልሞግት ተነሥቻለሁ፤ ምስክሮቼም የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው።

በካቴጎሪ ቲዎሪ «የዮኔዳ ለማ» የሚባል አለ። (ለማ ሲባል የሰው ስም እንዳይመስላችሁ፤ ለሌላ ማረጋገጫ መንደርደሪያ የሚሆን ቲዎረም ነው።) አንድን ነገር ለይቶ ለማወቅ ሆድ ዕቃውን መበርበር አያሻም፤ ከሌሎች ሁሉ ወደ እርሱ የሚመጡትን ቀስቶችና የእርስ በርስ ትስስራቸውን ያወቀ፣ ነገሩን አውቆታል ማለት ነው። ዛሬ ይህን ለማ ዘልሎ የሚያልፍ የዘርፉ መማሪያ ብዙም አይገኝም።

ምንጩ ሲጠየቅ ግን ብዙዎች ዓይናቸውን ሳያሹ የኖቡዎ ዮኔዳን የ1954 (እ.ኤ.አ.) ጽሑፍ ይጠቅሳሉ። ስንቶቹ ገልጠው አንብበውት ይሆን? ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ላጋልጥ፦ እኔም ከሰው ማጣቀሻ ገልብጬ ይህንኑ ዓመት ጽፌያለሁ።

ፒተር ፍሬይድ በ1964 ባሳተመው የአቤል ካቴጎሪዎች መጽሐፉ ለማውን ለዮኔዳ ሰጥቶ ነበር። መጽሐፉ በ2003 ዳግም ሲወጣ በጨመረው ማስታወሻ ግን፣ ለማው በዮኔዳ ጽሑፍ ውስጥ እንደሌለ ዘግይቶ እንደተነገረውና እጅግ እንዳፈረ ሳይሸሽግ አስፍሯል። ስሙን ወደነገረው ሰው ተመልሶ ቢጠይቅ፣ ሰውየው የድሮ ደብተሩን አገላበጠ። የተገኘው ሶንደርስ ማክሌን ስለ ዮኔዳ ሥራ ባደረገው ገለጻ ላይ ነበር።

ማክሌንስ ከማን ሰማው? ከራሱ ከዮኔዳ! በ1950ዎቹ አጋማሽ ፓሪስ ውስጥ፣ ጋር ዱ ኖር በሚባለው ባቡር ጣቢያ አንድ ካፌ ተቀምጠው ይጫወቱ ነበር። ጨዋታው አላልቅ ብሎ ባቡሩ ውስጥ ድረስ ተከትሏቸው ገባ፤ ባቡሩ እስኪነሣም ቀጠለ። ማክሌን ከወጣቱ ጃፓናዊ አፍ የሰማውን ይዞ ወረደ፤ ስምም አወጣለት። ዮኔዳ በግል የነገረው መሆኑንም በመጽሐፉ መዝግቧል።

እንግዲህ በቃል ያለው የታል የተረሳው? ከካፌ ወደ ባቡር፣ ከባቡር ወደ መማሪያ ክፍል፣ ከክፍሉ ወደ አንድ ሰው ደብተር ተወረሰ እንጂ! በኅትመት ማየት የሚሻም አሌክሳንደር ግሮተንዲክ በ1960 በቡርባኪ ሴሚናር ያቀረበውን ይመልከት።

«ሐሳቡ እውነት ከሆነ ምንጩ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ አይጠፉም። ምንም የማያደርግ ከሆነ ዓመቱን ስለምን ትጽፋላችሁ? የሌለበትን ጽሑፍ መጠቆም ለዮኔዳ ክብር አይጨምርለትም። ይልቅ ያመነ ተማሪ ያን ጽሑፍ ከቤተ መጻሕፍት አስወጥቶ ገጽ በገጽ ይፈልጋል፤ ሲያጣው የሚጠረጥረው ጠቃሹን ሳይሆን የራሱን ማስተዋል ነው። ይህ በደል ነው፤ ቀላል በደልም አይደለም።

ዮኔዳ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ አዘንብሎ በ1996 ዐረፈ። እኔም በማስታወሻዬ ላይ «1954» የሚለውን ሰርዤ «ዮኔዳ ለማክሌን፣ በቃል፣ ፓሪስ፣ ባቡር ጣቢያ» ብዬ ጽፌበታለሁ።