ቀስ በቀስ፥ በራስ እግር

ተማሪን እንደ እርምጃው በኮምፒዩተር ማስተማር አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ፕላቶ የተባለውን የማስተማሪያ ኮምፒዩተር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው።

እኔም ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንዲሁ በኢንተርኔት ተማርሁ። ስሳሳት ያቀልልኛል፤ ሳውቅ ያከብድብኛል፤ ማንም አይስቅብኝም። ነገር ግን «ፍንጭ» የሚለውን ቁልፍ እየተጫንሁ ብዙ ምዕራፍ አለፍሁ፤ ኮምፒዩተሩም ያወቅሁ መሰለው። አንድ ቀን መምህራችን ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች የሚደምር ፕሮግራም በወረቀት ላይ እንድጽፍ ቢያዙኝ እጄ ተሳሰረ።

ስለዚህ፥ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ፍንጭ ከመጠየቃችን በፊት ሦስት ጊዜ እንሞክር፤ መምህራንም በየሳምንቱ በባዶ ወረቀት ይፈትኑን። ዕንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል ሲባል፥ የሚሄደው በራሱ እግር መሆኑን አንርሳ።