ደብረ ብርሃን የጠየቀችው፣ ሞርሞኖች የመለሱት

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ደብረ ብርሃንን የቆረቆሩት በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ እንደሆነ ዜና መዋዕላቸው ይተርካል። ከዚያ ብርሃን ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ ለማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉ ደቂቀ እስጢፋኖስ በድንጋይ ተወግረዋል። ንጉሡ የተሟገቱት ከእነሱ ጋር ብቻ አልነበረም። ዘሚካኤላውያን የሚባሉት፣ እግዚአብሔርን ያየ ስለሌለ መልኩ አይታወቅም ሲሉ፣ ንጉሡ ደግሞ ሰው በአርአያው ከተፈጠረ ለፈጣሪ መልክ አለው ብለው በብዕርም በሥልጣንም ተከራከሯቸው።

አራት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ በአሜሪካ የገበሬ ልጅ የሆነው ጆሴፍ ስሚዝ ያንኑ ጥያቄ አነሣ። በ1830 መጽሐፈ ሞርሞንን አሳተመ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የሞርሞኖችን ቤተ ክርስቲያን አቋቋመ። በ1843 ያስተማረውና «ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» በተባለው መጽሐፍ ክፍል 130 የሰፈረው ቃል፣ አብ እንደ ሰው የሚዳሰስ የሥጋና የአጥንት አካል አለው ይላል። ይህን የሰማ የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ሞርሞኖች ከዘርዐ ያዕቆብ ወገን ናቸው ቢል አይፈረድበትም። እኔ ግን ጨርሶ አይገናኙም እላለሁ። የሚለያዩበት ቦታም ብዙዎች ከሚገምቱት ሌላ ነው።

አንድ የአውሮፓ ፕሮቴስታንት በሞርሞን ትምህርት የሚደነግጠው ለእግዚአብሔር መልክ መሰጠቱን ሲሰማ ነው። የእኛ ዲያቆን በዚያ አይደነግጥም፤ በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ለአብ፣ ለወልድ፣ ለመንፈስ ቅዱስ ለእያንዳንዳቸው ፍጹም ገጽ፣ ፍጹም መልክ፣ ፍጹም አካል እንዳላቸው ተምሯል። ነገር ግን ያው ምሥጢር ሦስቱ በባሕርይ፣ በመለኮት፣ በፈቃድ አንድ ናቸው፣ ሥጋ የለበሰውም ቃል ብቻ ነው ብሎ ያስራል። በክፍል 130 አብም ወልድም እያንዳንዳቸው ሥጋና አጥንት አላቸው፤ መንፈስ ቅዱስ ብቻ የላቸውም። አንድነታቸው የሐሳብና የዓላማ አንድነት ሆኖ ይቀራል። ክፍል 132 ደግሞ ሕጉን ፈጽመው ከፍ የሚሉት ሰዎች አማልክት ይሆናሉ ይላል። ፈጣሪና ፍጡር የሚለያዩት በደረጃ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሸዋ መናገሻ የነበረችው አንኮበር ትምጣ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን (1813–1847) የሸዋ ካህናት ጸጋና ካራ ተባብለው የተፋጁት ስለ ክርስቶስ ልደት ነበር፦ ጸጎች ሦስት ነው ሲሉ ካሮች ሁለት ነው ይሉ ነበር። ንጉሡ በጸጎች ወገን ቆሙ፤ ክርክሩ የተዘጋው ዐፄ ዮሐንስ በ1878 በቦሩ ሜዳ ባደረጉት ጉባኤ፣ በካሮች ድል ነው። ዛሬ ለብዙ ሰው የቃላት ጠብ ይመስላል። እኔ እንዲያ አላየውም፤ በባሕርይ ልጅነትና በጸጋ ልጅነት መካከል ያለው ድንበር እንዳይደፈርስ ሁለቱም ወገኖች በየራሳቸው መንገድ ይጠብቁ ነበር። የስሚዝ የኋለኛ ትምህርት የሚያፈርሰው ያንኑ ድንበር ነው። ጸጋም ካራም በአንድ ድምፅ የሚያወግዙት ነገር ቢፈለግ ይህ ነበር።

የሚገርመው፣ መጽሐፈ ሞርሞን ራሱ ይህን ትምህርት አይዝም። መጽሐፈ ሞዛያ ምዕራፍ 15 ክርስቶስን አብም ወልድም ብሎ ይጠራል፤ የአብን የሥጋ አካል አያውቅም። በአንደኛ ኔፊ ምዕራፍ 11 የ1830 እትም ድንግሊቱን የእግዚአብሔር እናት ይላታል፤ በ1837 እትም ግን የእግዚአብሔር ልጅ እናት ተብሎ ተቀየረ። ለወላዲተ አምላክ ክብር ሰው የተወገረባት ደብረ ብርሃን ይህን ለውጥ እንደ ቀላል አታየውም።

ስለ መዳን ያለው ትምህርት በሌላ በኩል ቸር ነው፦ የ«ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» ክፍል 76 ሦስት የክብር መንግሥታትን ዘርዝሮ፣ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ከአንዱ ድርሻ እንዲያገኝ ያደርጋል። በክፍል 128 ሕያዋን ስለ ሙታን ይጠመቃሉ፤ ተዝካር ለሚያወጣ ሕዝብ ሐሳቡ ባዕድ አይመስልም። በመጽሐፈ ሞርሞን የሚገኘው ሞሮኒ ምዕራፍ 8 ግን ሕፃናትን ማጥመቅ በእግዚአብሔር ፊት መዘበት ነው ይላል፤ ሞርሞኖች የሚያጠምቁት በስምንት ዓመት ነው። ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና የሚያስነሣ የአንኮበር ቤተሰብ ከዚህ ፍርድ አያመልጥም።

ቤተ ክርስቲያን ጠፍታ በ1830 ተመለሰች የሚለው ትረካም የምዕራቡን ታሪክ የለበሰ ነው። ከሮም ሥር ሳትሆን፣ አባ ሰላማ ከአትናቴዎስ ተቀብሎ ያመጣላትን ክህነት ይዛ የኖረች ቤተ ክርስቲያን በዚያ ትረካ ውስጥ ቦታ የላትም። በ1839 አንኮበር የገባው ጀርመናዊው ሚስዮናዊ ክራፕፍ እንኳ ሊያርመን መጣ እንጂ አዲስ ቅዱስ መጽሐፍ አልያዘም።

በደግ የሚነሣላቸው ሥራ አለ፤ በጥር 1985 ሞርሞኖች ስለ ረሃባችን ጾመው ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። እምነት መለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጽሐፈ ሞርሞን በአማርኛ ታትሟል፤ እጅዎ ከገባ ያንብቡት። ከመወሰንዎ በፊት ግን ከ«ትምህርትና ቃል ኪዳኖች» ክፍል 76ን፣ 130ንና 132ን አምጡልኝ ብለው ይጠይቁ።